ጡሩምባ ሳይነፋ ስለ መገናኘት

(ስለ እግር ጉዞ ቡድናችን ለዕድሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ስለ እግር ጉዞው ነገር ባጭሩ እንድንናገር ሰብሳቢያችን ሩብ ሰዓት ፈቅደውልናል። ሩብ ሰዓት እንደማይበቃን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እንግዲህ ታግሣችሁ አዳምጡን። ከዚህ ቀጥሎ «እኛ» የምንለው በየወሩ በሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን በእግር የምንሄደውን የዕድሩን አባላት ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀነው ተመካክረን ነው። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ስላሳለፍን ነገር ሁሉ በቀንና በቁጥር ካልተመዘገበ ልባችን አይረጋም፤ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ብናንዛዛ አትፍረዱብን።

እንደሚታወቀው፣ የእኛ ዕድር አባላት የሚገናኙት ጡሩምባ ሲነፋ ነው። ጡሩምባው ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚው ይደረደራል፤ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ከቀብር መልስ ንፍሮ እየቀማመስን እንጨዋወታለን። ታዲያ በዚያ ድንኳን ሥር የምንጠያየቀው ምንድን ነው? «ጋሼ እገሌ እንዴት ናቸው?» «እንዴ! እግራቸውን ከያዛቸው ዓመት አለፋቸው እኮ፤ አልሰማህም?» «እትዬ እገሊትስ?» «ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል።» የአንዱን ጎረቤታችንን መታመም የምንሰማው ሌላውን ጎረቤታችንን ስንቀብር ሆነ ማለት ነው። የሞተውንማ በወጉ እንሸኛለን፤ በዚህ ዕድራችን አይታማም። ያልሞተው ነው የቸገረን።

ነገሩ የባሰው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የኮሪደር ልማትና የመልሶ ማልማት ሥራ በከተማችን ሲጀመር፣ ከሠፈራችን ብዙ ሰው ተነሣ። አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ ገባ። ከተማው ምን አተረፈ፣ ምን አጎደለ የሚለው ክርክር ለዛሬ አጀንዳ አልተያዘም፤ እኛም አንነካውም። እኛን የሚመለከተን ይህ ብቻ ነው፦ አርባ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን የኖርን ሰዎች ዛሬ ለመገናኘት ሁለት ታክሲ እንይዛለን። የጡሩምባው ድምፅ ደግሞ ገላን ጉራ አይደርስም። በስልክ ነው የምንጠራራው። ስልክ ደግሞ ለሞት ሲሆን ይደወላል እንጂ «እንዲያው ናፍቃችሁኝ ነው» ብሎ የሚደውል ስንቱ ነው?

የእግር ጉዞው ሐሳብ የተጠነሰሰው በዚህ ምክንያት ነው። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አንድ ወዳጃችንን ቀብረን ስንመለስ፣ በድንኳኑ ጥግ የተቀመጥን ጥቂት ሰዎች «ለምን ሰው ሳይሞት አንገናኝም?» ተባባልን። አንዱ እቁብ እንጀምር አለ፤ ጡረተኛ ምን ገንዘብ አለውና ነው እቁብ የሚጥለው! ሌላው ምግብ ቤት እንገናኝ አለ፤ የዛሬ ምግብ ቤት ዋጋውን ታውቁታላችሁ። አንዲት እኅታችን «እግርማ ነጻ ነው፤ ለምን ወጣ ብለን አንሄድም?» አሉ። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

የመጀመሪያው ጉዞ የተደረገው ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ አራት ወንዶች፣ ሦስት ሴቶች። ሽሮ ሜዳ ተገናኝተን ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ወጣን ስንል እንዲያው እንደ ጎረምሳ ሮጠን ሳይሆን፣ በየመታጠፊያው ድንጋይ ላይ እየተቀመጥን፣ እያረፍን፣ ትንፋሻችንን እየሰበሰብን ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲለማመዱበት የኖሩት ተራራ ለእኛ ዕድሜ ቀልድ አይደለም። ቢሆንም የዚያን ቀን ሁላችንም ደርሰናል። መዝገቡ ላይ «ሰባት ሄዱ፣ ሰባት ተመለሱ» ተብሎ ተጽፏል።

እስቲ ስለ እንጦጦ ትንሽ እናውጋ፤ ብዙዎቻችን በሥሩ ተወልደን በሥሩ አርጅተን ታሪኩን የማናውቀው ተራራ ነውና። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸው እንጦጦ በነበረ ጊዜ፣ እቴጌ ጣይቱ ታች ፍል ውኃ ዘንድ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት በ1879 ዓ.ም. ነው። ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ብርድ ነው፤ እንጨቱም አለቀ፤ ከተማው ወደ ታች ወረደ። ታች ደግሞ ያው የማገዶ ችግር ተከተለና ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባይገባና ቶሎ ቶሎ ባያድግ ኖሮ፣ እኛም ዛሬ የምንሰበሰበው ሌላ ቦታ ነበር። እንግዲህ ያ የጥንት ደን የሚመስለን ሁሉ ቅድመ አያቶቻችን ያዩት ተክል ነው ማለት ነው። ይህን ስንጨዋወት ከመካከላችን ሁለቱ በልጅነታቸው እዚያው ዳገት ላይ ቅጠል ጠርገው፣ ለእንጀራ መጋገሪያ ሸጠው ደብተር የገዙ መሆናቸውን ነገሩን። ስንት ዓመት አብረን ቀበርን፣ አብረን ዋልን፤ ይህን አናውቅም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቶ የተነጠፈ መንገድና መቀመጫ ቢኖርም፣ እኛ የምንወደው የድሮውን የእግር መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ግን ሳንናገር የማናልፈው ነገር አለ። እኛ ከዘራችንን ይዘን ለደስታ ስንወጣ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ሸክማቸው ከተሸካሚዋ ይረዝማል። አንዷ በዕድሜ ከእኛ የማያንሱ ናቸው። ዳር ይዘን አሳለፍናቸው፤ «በርቱ እናቴ» አልን፤ ሌላ ምን ይባላል? እሳቸው ቀና ሳይሉ «የት ልትደርሱ ነው?» ብለው ጠየቁን። «እንዲያው ለመራመድ ነው» ስንላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቡድናችን ደንብ ገብቷል፤ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ መንገዱ የእሱ ነው፤ ቡድኑ ቆሞ ያሳልፋል።

ደንብ ካነሣን ዘንድ አሠራራችንን እንግለጽ። ሊቀመንበር የለንም፤ ደመወዝተኛም የለም፤ ሁሉም በፈቃዱ ነው። በየጉዞው ግን ሁለት ሰው ይመደባል። አንዱን ፊታውራሪ እንለዋለን፤ ከፊት ሆኖ መንገዱን ይመራል። ሁለተኛውን ደጀን እንለዋለን፤ ከሁሉ በኋላ ይሄዳል፤ ማንም ከደጀን ኋላ አይቀርም። ፊታውራሪው ፈጣን ሰው ከሆነ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰው ፊታውራሪ ማድረግ ጀመርን። እመኑን፣ ከዚያ ወዲህ «ቀስ በሉ እንጂ» የሚል ጩኸት ቀርቷል። ፊታውራሪው ከጉዞው ሳምንት ቀደም ብሎ መንገዱን ሄዶ ያያል፤ ድልድይ ፈርሶ፣ አጥር ታጥሮ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረናል። ከከተማ ውጭ ስንሆን የአካባቢው ሁኔታ ሰላም መሆኑን ሳንጠይቅ አንንቀሳቀስም፤ ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ወደ ቅርብ ቦታ ይዛወራል። ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርገናል፤ ማንም አላጉረመረመም። ሐምሌና ነሐሴ አንሄድም፤ ጭቃውም መብረቁም ከእኛ ዕድሜ ጋር አይስማማም። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣም እንጦጦን አንረግጥም፤ ለምን እንደሆነ ጅብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ምግቡ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝና ሻይ ነው። ይህ የሆነው በድህነት ብቻ አይደለም፤ ጾመኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ስኳር ያለበትም አንድ ላይ ቢቀመጥ ማንም ከገበታው እንዳይገለል ተብሎ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሙዙን በልክ አድርጎ ቆሎውን ያጠናክራል። በረመዳን ወር ደግሞ ጉዞው አጭር ይሆናል፤ መክሰስም ለሁሉም ይቀራል። ይህን ያሉት ክርስቲያኖቹ ናቸው፤ ማንም አላስገደዳቸውም።

አሁን የካ ተራራ ላይ ስለ ደረሰው ነገር እንናገር፤ ወሬው በሠፈር ተበላሽቶ ስለ ተወራ እውነተኛውን መስማት ይገባችኋል። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ከዓለት የተፈለፈለውን ጥንታዊውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ወጥተን ነበር። ደኅና አይተን ስንወርድ አንድ ወንድማችን ጠጠር አንሸራተታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ። «ገደል ገቡ» ተብሎ የተወራው ውሸት ነው። እግራቸው አብጦ መርገጥ ስላልቻሉ፣ ሁለት ረዣዥም ዱላ በጋቢ ጠቅልለን ቃሬዛ ሠራን። ቃሬዛ መሥራትና መሸከም ደግሞ ለዕድር ሰው ማን ያስተምረዋል? አራት አራት እየሆንን፣ በየተራ ትከሻ እየተቀያየርን እስከ አስፋልቱ አወረድናቸው። እሳቸውም ከላይ ሆነው «ሃያ ዓመት የከፈልኩበትን ዕድር ዛሬ ከነነፍሴ ተጠቀምኩበት!» ቢሉ፣ ተሸካሚው ሁሉ በሳቅ ተዳክሞ ሊጥላቸው ነበር። ጤና ጣቢያ ታይተው ስብራት አልተገኘም። በሚያዝያ ወር ተመልሰው መጥተዋል፤ ዛሬም ከዚህ ጉባኤ ተቀምጠዋል፤ ጠይቋቸው። ከዚያ ወዲህ ደጀኑ ፋሻና ማስታገሻ ይይዛል፤ የሚያንሸራትት የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ የመጣም ተመልሶ ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ልንነግራችሁ የፈለግነው ግን ስለ አንዲት እናታችን ነው። ስማቸውን አንጠራም፤ ራሳቸው ፈቅደው ነው የምንናገረው። እኒህ እናታችን ባለቤታቸውን ከቀበርንላቸው በኋላ በ2016 ዓ.ም. የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ሊፍት የለም። ጉልበታቸው ደግሞ ድሮም ደኅና አልነበረም። ልጃቸው ሥራ ውሎ ማታ ይገባል። እሳቸው መስኮት ላይ ይውላሉ። ለቅሶ ላይ መታየት ከቀሩ ቆይቷል፤ እኛም «ርቀው ነው» ብለን አለፍነው። እንደምታውቁት በደንባችን ሦስት ወር መዋጮውን ያልከፈለ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ካልመጣ ከመዝገብ ይሰረዛል። የገንዘብ ያዣችን መዝገብ ሲታይ የእኒህ እናት ሁለት ወር አልተከፈለም። ሰው በልጅነት ባልና ሚስት ሆኖ የገባበትን ዕድር፣ የገዛ ባሉን የቀበረለትን ዕድር፣ አራት ፎቅ መውረድ ስላልቻለ ብቻ ሊያጣው አንድ ወር ቀርቶት ነበር ማለት ነው።

ከቡድናችን ሁለት ሴቶች «ለጉዞ እንጥራቸው» ብለው ሄዱ። በሩን ሲከፍቱላቸው አለቀሱ። «ማን ሞቶ ነው?» ነበር የመጀመሪያው ቃላቸው። «ማንም አልሞተም፤ እርስዎን ልናይ ነው የመጣን» ቢሏቸው ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው። የዚያን ቀን የሄዱት ጉዞ ደረጃውን ነው፤ አራቱን ፎቅ ወርዶ በሕንጻው ዙሪያ አንድ ጊዜ መዞር፤ ከዚያም በየፎቁ እያረፉ መመለስ። መዝገባችን ላይ ይህም እንደ ሌላው ጉዞ ተጽፏል፤ «የካ አባዶ፤ ሦስት ሄዱ፣ ሦስት ተመለሱ።» በሕንጻው ዙሪያ ሲዞሩ ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። ልብስ የሚያሰጡ አንዲት ሴትዮ «እንዴ! እትዬ!» ብለው ጮኹ። የእኛው ሠፈር ሰው ናቸው፤ ከአንድ ዓመት በላይ በሁለት ሕንጻ ርቀት ሲኖሩ ሳይተያዩ! አጣርተን ስናይ በዚያው ግቢ የዕድራችን አባላት አምስት ቤተ ሰቦች ሆኑ። ዛሬ በየሳምንቱ እዚያው በሕንጻዎቹ መካከል ይራመዳሉ፤ መዋጯቸውንም አንድ ሰው ሰብስቦ ያመጣል። የእናታችን ውዝፍም በጊዜው ገብቷል፤ ካርኒውን አይተናል።

እኒሁ እናት ባለፈው ጥቅምት ከእኛ ጋር መናገሻ ሱባ ድረስ ሄዱ። መናገሻ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ደን ነው፤ የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል፤ ጫፉን ግን ለጎረምሶች ትተነዋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተን፣ ኪራዩን ለሰው አካፍለን ሄድን። ደኑ ውስጥ ስንገባ ወሬያችን ሁሉ ዝም አለ። የጽዱ ግንድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አለ። ከላይ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን እያንዘረፈፈ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል።

እኛ የከተማ ሰዎች ዛፍ ስናይ «ዛፍ ነው» ነው የምንለው። እናታችን ግን የገጠር ልጅ ናቸው። በከዘራቸው እየጠቆሙ «ይኼ ዝግባ ነው፤ ይኼ ወይራ ነው፤ የወተት ዕቃ የሚታጠነው በሱ ነው፤ ያ ኮሶ ነው» አሉን። ኮሶ ወንዴና ሴቴ እንዳለው፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴዋ ቀላ ያለው አበባ እንደሆነ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ግራዋ ሲያዩ ቆም ብለው «የጠላ ጋን ያጠብንበት!» ብለው ቅጠሉን አሹ፤ አሸተቱት። እኛ እርሳስ አውጥተን የዛፎቹን ስም ጻፍን። መስኮት ላይ ሲውሉ የነበሩት እናት የዚያን ቀን አስተማሪያችን ሆኑ። ረዥሙን መንገድ አልሄዱም፤ ከመግቢያው ብዙ አልራቁም፤ ሄዱ ግን።

እዚህ ላይ ስለ ገበሬው አንድ ቃል። ከደን ውጭ የምንሄድበት መንገድ ሁሉ በሰው ማሳ ዳር ያልፋል። የተዘራ አንረግጥም፤ አጥር አንነቀንቅም፤ ያገኘነውን ሰው ሰላም ሳንል አናልፍም። ከመካከላችን ኦሮምኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ስላሉ በዚያ በኩል ስንሄድ እነሱ ይቀድማሉ፤ «አካም ቡልታን» ከተባለ በኋላ መንገዱ ሁሉ ይከፈታል። አንድ ገበሬ ጤፍ እያጨዱ ሳለ ከየት እንደ መጣን ጠይቀው፣ የዕድር ሰዎች መሆናችንን ሲሰሙ ማጭዳቸውን አስቀምጠው «ማን ሞተባችሁ?» ብለው ሐዘን ሊደርሱን ተነሡ። አያችሁ፣ ዕድር ሲባል ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው።

በየካው ጉዞ አብሮን የወጣ የአንድ አባላችን ልጅ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ የሚኖር፣ ለዕረፍት የመጣ። እዚያ «ራምብለርስ» የሚባል የእግረኞች ማኅበር እንዳለ አወጋን። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 የተቋቋመ ነው። በየአካባቢው ቡድን አለው፤ መሪዎቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከጉዞ በኋላ ሻይ ቤት ወይም መጠጥ ቤት ገብተው ይጫወታሉ። ከሼፊልድ ብዙ የማይርቅ ኪንደር ስካውት የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ። ባለ ርስቶቹ ለወፍ አደን ብለው ሕዝብ እንዳይረግጠው ከልክለውት ነበር። በ1932 ሚያዝያ ወር በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ በእምቢታ ተሰብስበው ወጡበት። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ አምስት ወጣቶችም ታሰሩ። ኋላ ግን በ1949 ስለ ብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ወጣ፤ በ2000 ደግሞ ተራራውና ሜዳው ለእግረኛ የሚከፈትበት ሌላ ሕግ ተጨመረ። ይህን ስንሰማ አንዱ ጓደኛችን «ለመራመድ ብለው ታሰሩ? እኛ አውቶቡስ አጥተን ስንት ዓመት ስንሄድ ማንም አላሰረን!» አለና አሳቀን። ነገር ግን ቁም ነገር አለው። እነሱ ለእግር መንገድ ታስረውበታል፤ እኛ በነጻ ያገኘነውን ተራራ በመስኮት እናየዋለን።

ስለ ጤና ብዙ አንናገርም፤ ሐኪም አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ልብን ትንሽ የሚያነቃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል፤ ዕድሜው 65 ለሞላው ደግሞ እንዳይወድቅ ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምራል። በወር አንድ ቅዳሜ ይህን አይሞላም፤ ግልጽ ነው። ቅዳሜዋ ግን የሌላውን ቀን ታስለምዳለች፤ ከእኛ ብዙዎቹ ዛሬ ዳቦ ለመግዛት ባጃጅ አይጠብቁም። ከአባሎቻችን አንዷ በጡረታ ያሉ ነርስ ስለሆኑ ከመነሣታችን በፊት የደም ግፊት ይለካሉ። ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ያን ቀን ሻይ ጠባቂ ይሆናል፤ ይህን ሹመት ማንም አይወደውምና መድኃኒቱን በሰዓቱ መዋጥ ለምዷል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በመንገድ ላይ ስኳሩ ወርዶ እንዳይደክመው ከረሜላ በኪሱ ሳይዝ አይሄድም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ አንድ የምናከብራቸው አባታችን «ዕድር ለቀብር ነው፤ ሽርሽር ያማራችሁ ሌላ ማኅበር መሥርቱ» ብለው ነበር። አባታችን የተናገሩት ለዕድሩ አስበው ነው፤ የዕድሩ ሣጥን ስንት ጊዜ ሊበተን ሲል ይዘው ያቆዩት እሳቸው ናቸውና። መልሳችን ይህ ነው። ከዕድሩ ሣጥን አንድ ሳንቲም አልወሰድንም፤ ወደ ፊትም አንጠይቅም። የትራንስፖርቱን ወጪ ተጓዡ ይከፍላል፤ የገባውና የወጣው በደረሰኝ ተመዝግቧል፤ ኦዲተሮቹ ዛሬውኑ ቢያዩት ደስ ይለናል። ሁለተኛ፣ ከአባላት ሰው ከሞተ የዚያ ወር ጉዞ ይቀራል። በመጋቢት ወር እንጦጦ ላይ ሻይ እየቀዳን ሳለ ስልክ ተደወለ፤ አንድ አባላችን ዐርፈዋል። ሻዩ እዚያው ፈሰሰ። በቀጥታ ወርደን ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን፤ እኩለ ቀን አልሆነም ነበር። አሥራ ስምንት ሰው አንድ ላይ ስለ ተገኘ ጡሩምባ ነፊያችን በየቤቱ መዞር አላስፈለገውም። ሟቹ ደግሞ በኅዳርም በታኅሣሥም አብረውን የሄዱ ሰው ነበሩ። በለቅሶው ላይ ስለ እሳቸው የምንናገረው ነበረን፤ መንገድ ላይ የነገሩን ቀልድ፣ የልጅነታቸው ታሪክ፣ የሚወዱት ዘፈን። ልጆቻቸው እንኳ የማያውቁት ነበረበት፤ ከበው አዳመጡን። አባታችንን የምንጠይቃቸው ሌላ ነገር የለም፤ በሚመጣው ጉዞ ከነከዘራቸው ይምጡና ይዩን፤ ፊታውራሪነቱን እንሰጣቸዋለን።

ከጉባኤው የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጉዞ በኋላ ቡና የምናፈላበት፣ የዕድሩን ትልቁን ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት ደርዘን ሲኒና አንዱን አግዳሚ በወር አንድ ቀን እንድንዋስ ይፈቀድልን። ዕቃ ቤት ኃላፊው ዘንድ ፈርመን እናወጣለን፤ በዕለቱ አጥበን እንመልሳለን። የተሰበረ ሲኒ በአንድ ሁለት ይተካል። ለቅሶ ከመጣ ዕቃው የለቅሶ ነው። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።

መመዝገብ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ስብሰባው ሲያልቅ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ስሙንና ስልኩን ያስመዝግብ፤ የመመዝገቢያ ክፍያ የለም። ረዥም መንገድ የማይችል «አጭር» ብሎ ያስጽፍ፤ ከቤት መውጣት የማይችል ሰው የሚያውቅ ደግሞ የዚያን ሰው ስምና አድራሻ ይንገረን፤ እኛ እንሄዳለን። ገላን ጉራና ቦሌ አራብሳ ያላችሁም እዚያው እንደ የካ አባዶ እንድንጀምር ሁለት ሁለት ፈቃደኞች እንፈልጋለን። የሚመጣው ጉዞ እንደ ተለመደው በሁለተኛው ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሽሮ ሜዳ፣ የሸማ ሱቆቹ መጀመሪያ ላይ እንገናኛለን፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን እንነሣለን። ሸራ ጫማ፣ ባርኔጣ፣ አንድ ሊትር ውኃ፣ መድኃኒት ያለው መድኃኒቱን ይያዝ። ከዘራ የሌለው እዚያው እናውሰዋለን፤ ሦስት ትርፍ አለን።